ለአይጥ ኩላሊት ጥናት የትኛው ይገዛ? ከተክለ ሃይማኖት እስከ ጥቁር አንበሳ የሚገኙ አድሬነርጂክ መድኃኒቶች ሲገመገሙ

ከተክለ ሃይማኖት ወደ ጥቁር አንበሳ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ፋርማሲ ከዓይኑ አይጠፋም። ለደም ግፊት፣ ለአስም፣ ለማደንዘዣ ክፍል የሚሆነው በየመደርደሪያው ተደርድሯል፤ የሌለውን ደግሞ አስመጪው “ነገ ብቅ በሉ” ይላል። አድሬነርጂክ የምንላቸው ከነዚህ መካከል የሰውነት አድሬናሊን የሚሠራባቸውን ተቀባዮች (በሕዋስ ላይ ያሉ የመልእክት መቀበያ በሮችን) የሚነኩት ናቸው። መድኃኒቶቹ የተሠሩት ለሰው ነው፣ ለተሠሩበትም ጉዳይ ጥሩ ናቸው። እዚህ የምንመዝናቸው ግን በሌላ ሚዛን ነው። ለቤተ ሙከራ አይጥ ለቀናት ሲሰጡ በኩላሊት ሕዋሶች መብዛትና መግዘፍ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ ለመለካት የቱ ያገለግላል? የቱስ ገንዘብና እንስሳ ያስጨርሳል?

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ብራችሁ ውስን ከሆነ ተቀባዩን ከሚያስነሱት አነቃቂዎች በፊት ተቀባዩን የሚዘጉትን ብሎከሮች ግዙ፣ ከብሎከሮቹም ፕሮፕራኖሎልን አስቀድሙ። በየፋርማሲው በቀላሉ የሚገኘው የአድሬናሊን አምፑል ለዚህ ሥራ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ብዙ ተማሪ ግን የሚጀምረው ከሱ ነው፣ ምክንያቱም ስሙ ይታወቃል።

ነገሩ የሚገባው ኩላሊት ላይ ያሉት ተቀባዮች ሲታወቁ ነው። ተመራማሪው ሬይመንድ አልኲስት በ1948 እ.ኤ.አ. ተቀባዮቹን አልፋና ቤታ ብሎ ከከፈላቸው ወዲህ ዝርዝሩ ረዝሟል፤ ለዚህ ሥራ ግን አራቱ ይበቃሉ። አልፋ 1 በደም ሥሮችና በቱቦዎቹ ላይ አለ፤ ሲነካ ሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል፣ ደም ሥሩ ይጠብባል፣ ቱቦው ሶዲየም ወደ ደም ይመልሳል። አልፋ 2 ለደም ማጣሪያው ቅርብ በሆነው ቱቦ (“የቅርቡ ቱቦ” እንለዋለን) እና በሰብሳቢው ቱቦ ላይ ይገኛል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለውን የሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ ዝቅ ያደርጋል። ቤታ 1 በዋናነት ሬኒን የሚባለውን ግፊት አንሺ ንጥረ ነገር በሚያመነጩት ሕዋሶች ላይ ነው። ቤታ 2 በቱቦዎቹ ላይ አለ። ሁለቱ ቤታዎች ሳይክሊክ ኤኤምፒን ያነሳሉ።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በጤነኛ የኩላሊት ቱቦ ሕዋስ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲጨምር ክፍፍል ወደ መርገብ ያዘነብላል። ከፖሊሲስቲክ ኩላሊት (ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚሞሉት የታመመ ኩላሊት) ከረጢት በተወሰደ ሕዋስ ላይ ግን ያው መልእክተኛ ክፍፍሉን ይገፋዋል። ስለዚህ “ቤታ አነቃቂ የኩላሊት ሕዋስ ያበዛል” ወይም “ይቀንሳል” የሚል ዓረፍተ ነገር የትኛው ሕዋስ እንደሆነ ካልተነገረ ትርጉም የለውም። አልፋ 2ቢ የሚባለው ዓይነት በሰሃን ላይ ባደጉ የቅርቡ ቱቦ ሕዋሶች ላይ ክፍፍልን የሚያነሳሳውን የማፕ ካይኔዝ መስመር እንደሚያስነሳ ታይቷል። አድሬናሊን እነዚህን ሁሉ በሮች በአንድ ጊዜ ያንኳኳል። ውጤቱ ሲመጣ የትኛው በር እንደተከፈተ መለየት አይቻልም።

ሌላም የተደበቀ መንገድ አለ። ግፊት ሲወርድ ወይም ቤታ 1 ሲነካ ሬኒን ይወጣል፣ ከሬኒን አንጂዮቴንሲን 2 ይመጣል፣ አንጂዮቴንሲን 2 ደግሞ ራሱ የኩላሊት ሕዋስን የሚያገዝፍ ነው። መድኃኒቱ ኩላሊቱን በቀጥታ ሳይነካ፣ በግፊት ብቻ ዞሮ የሕዋስ ቁጥር ሊለውጥባችሁ ይችላል። ከዚህ በታች የምንሰጠው ነጥብ ሁሉ ከሞላ ጎደል “ይህን መንገድ ለመዝጋት ምን ያህል ይረዳል?” ከሚለው የተነሳ ነው።

አድሬናሊን አምፑል፣ 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር፦ ከ10 3

ጥሩ ጎኑ ይህ ነው፦ ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ንጹሕ ነው። አምፑሉን ነጭ ወረቀት ፊት ለፊት ይዛችሁ እዩት። ውኃ መምሰል አለበት። ወደ ሮዝ ካደላ መድኃኒቱ ወደ አድሬኖክሮም መለወጥ ጀምሯል፤ ቡናማ ከሆነ ወይም ዝቃጭ ካሳየ አበቃለት። የአዲስ አበባ አየር ለአምፑል ደግ ነው፣ ከ25 ዲግሪ በታች ለማቆየት ብዙ አያስቸግርም። ጠላቱ ብርሃን ነው። በመስኮት በኩል በተደረደረ ካርቶን ውስጥ የከረመን አምፑል አትግዙ፤ ከውስጥ መደርደሪያ አውጡልን በሉ። ፍሪዘር ውስጥም አታስገቡት።

አሁን መጥፎው። አምፑሉ ውስጥ መድኃኒቱ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት አለ። ማነጻጸሪያ ቡድናችሁን ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ብቻ ወግታችሁ የመድኃኒቱን ቡድን አምፑል ከወጋችሁ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ሳይሆን በሁለት ነገር ተለያዩ። ለማነጻጸሪያው ያንኑ መጠን ሜታባይሰልፋይት የያዘ ሳላይን ማዘጋጀት የግድ ነው፤ መጠኑ በማሸጊያው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ልኩም ያስቸግራል። 200 ግራም ለምትመዝን አይጥ በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ልስጥ ካላችሁ የሚያስፈልገው 0.02 ሚሊ ሊትር ነው፣ በኢንሱሊን ሲሪንጅ 2 ዩኒት። በሲሪንጁ አፍና በመርፌው ውስጥ የሚቀረው ብቻ ልኩን ያበላሸዋል። አንዱን አምፑል በ9 ሚሊ ሊትር ሳላይን አቅጥኑት፤ 0.1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ለዚያችው አይጥ 0.2 ሚሊ ሊትር ወጋችሁ ማለት ነው። የቀጠነው ከዚያ ቀን አያልፍም፣ ጠርሙሱም በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለል።

ከሁሉ የከፋው ግን የመድኃኒቱ ዕድሜ ነው። አድሬናሊን በደም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የተወጋች አይጥ ቀኑን ሙሉ ያለ መድኃኒት ውላ ለጥቂት ደቂቃ ትደነግጣለች። ውጤቱን ለማጉላት መጠኑን ከፍ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የኩላሊት ደም ሥር ሲጠብብ ቱቦው ደም ያጣል፣ ሕዋሶቹ ይሞታሉ፣ ከዚያ የተረፉት የሞቱትን ለመተካት ይከፋፈላሉ። ማይክሮስኮፕ ስር የክፍፍል ምልክት በዝቶ ይታያል፣ ተማሪውም “አድሬናሊን የኩላሊት ሕዋስ ያበዛል” ብሎ ይጽፋል። የታየው ግን የቁስል ጥገና ነው። ኖርአድሬናሊን በኩላሊት የደም ቧንቧ በቀጥታ ሲገባ ድንገተኛ የኩላሊት ድካም ማምጫ ሞዴል ሆኖ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው በዚሁ ምክንያት ነው።

መለያው ቀላል ነው፣ ግን ብዙዎች ይዘሉታል። ከክፍፍል ቆጠራው በፊት በተለመደው ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ቀለም የተቀባውን ስላይድ እዩ። የቅርቡ ቱቦ ብሩሽ ጠርዝ ከረገፈ፣ ቱቦው ውስጥ የሕዋስ ፍርስራሽ ከተጠራቀመ፣ የኩላሊት ድካም መለኪያው የደም ክሬቲኒንም ከፍ ካለ፣ ያ አይጥ ለዕድገት ጥናት አትሆንም። ከቆጠራው አውጧት፣ መውጣቷንም ጻፉ።

ኖርአድሬናሊን አምፑል

ከአድሬናሊን ይሻላል፣ ቤታ 2ን ብዙ ስለማይነካ በሮቹ ያነሱ ናቸው። ወጥመዱ መለያው ላይ ነው። አንዳንዱ የሚጽፈው የጨዉን ክብደት ነው፣ አንዳንዱ የቤዙን፣ ማለትም ያለ ጨዉ የመድኃኒቱን ብቻ። 2 ሚሊ ግራም ኖርአድሬናሊን ባይታርትሬት 1 ሚሊ ግራም ቤዝ ነው። ጓደኛችሁ ከአንዱ አስመጪ ገዝቶ የሠራውን መጠን እናንተ ከሌላው ገዝታችሁ ብትደግሙት እጥፍ ወይም ግማሽ ልትሰጡ ትችላላችሁ። በማቅጠኛነት ከሳላይን ይልቅ 5 በመቶ ዴክስትሮስ ይመረጣል።

ለቀናት መስጠት የሚቻለው ከቆዳ ሥር ተቀብሮ መድኃኒቱን በዝግታ በሚያፈስ ኦስሞቲክ ፓምፕ ነው፣ እሱ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። ፓምፑ በእንስሳዋ ገላ ሙቀት ለ7 ወይም ለ14 ቀን ስለሚቆይ መድኃኒቱ ውስጡ ይበላሻል፤ 0.2 በመቶ አስኮርቢክ አሲድ መጨመር የተለመደ መከላከያ ነው፣ የማነጻጸሪያው ፓምፕም ያው አስኮርቢክ አሲድ ይኑርበት። ፓምፑ ሲወጣ ውስጡ የቀረውን ፈሳሽ ቀለም እዩ። ቡናማ ከሆነ የኋለኞቹን ቀናት ባዶ ነበር ብላችሁ አስቡ።

አይሶፕሬናሊን ዱቄት፦ ከ10 7

ይህ ፋርማሲ አይገኝም፣ ከኬሚካል አስመጪ የሚታዘዝ ነው። ቤታ 1ንም ቤታ 2ንም ይነካል፣ አልፋን አይነካም ማለት ይቻላል። ያ ብቻውን ከአድሬናሊን ያስበልጠዋል። የምንወድለት ግን ሌላ ጠባዩን ነው። አይሶፕሬናሊን የአይጥን የምራቅ ዕጢዎች ያሳድጋል፤ ለቀናት ሲሰጥ ዕጢዎቹ ዓይን እስኪያይ ይገዝፋሉ፣ ይህም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለዚህ ያቺው አይጥ የራሷን ምስክር ይዛለች። ኩላሊቱን ስታወጡ ከመንጋጋዋ ሥር ያሉትን ዕጢዎችና ከጆሮዋ ሥር ያለውን አብራችሁ አውጡ፣ መዝኑ። ልቧንም መዝኑ፣ እሱም ይገዝፋል። ዕጢውና ልቡ ካልገዘፉ መድኃኒቱ ሞቶ ነበር ማለት ነው፣ ስለ ኩላሊቱ ምንም መደምደም አይቻልም። ዕጢው ገዝፎ ኩላሊቱ ካልተለወጠ ግን “አልተለወጠም” የምትሉት በልበ ሙሉነት ነው። ይህን ያህል ርካሽ ምስክር ያለው ሌላ አድሬነርጂክ መድኃኒት አናውቅም።

ነጥብ ያስቀነሰበት ልብ ላይ ያለው ክፋት ነው። በኪሎ 85 ሚሊ ግራም ለሁለት ቀን ከቆዳ ሥር ሲሰጥ የልብ ጡንቻ መግደያ ሞዴል ነው። ከሌላ ጥናት መጠን ስትገለብጡ ለየትኛው ዓላማ የተጻፈ እንደሆነ አረጋግጡ። ልቧ የደከመ አይጥ ኩላሊቷም ደም ያጣል፣ ከላይ ወዳልነው ጉድጓድ ተመለስን።

ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊ ግራም ፍሬ፦ ከ10 8

የጄምስ ብላክ መድኃኒት ነው፤ ሰውየው በ1988 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመበት አንዱ ሥራው። ለዚህ ጥናት የሚመረጥበት ምክንያት የሚመልሰው ጥያቄ ንጹሕ ስለሆነ ነው። አነቃቂ ስትሰጡ “ከልክ በላይ ብጨምርበት ምን ይሆናል?” እያላችሁ ነው። ብሎከር ስትሰጡ ደግሞ “የእንስሳዋ የራሷ ነርቭና አድሬናሊን በዕድገቱ ላይ ሥራ አለው ወይ?” ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ይሻላል፣ ኩላሊቱንም አይገድልም።

ፍሬው በመርፌ አይሰጥም። ስታርችና ታልክ አለበት፤ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጦ ወደ ሆድ ዕቃ የሚወጋ ሰው የሚያመጣው እብጠት ነው። በአፍ መስጠት ግን ይቻላል፣ ምክንያቱም ፕሮፕራኖሎል ሃይድሮክሎራይድ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። አንዱን ፍሬ በሙቀጫ ልሙ፣ በ400 ሚሊ ሊትር ውኃ አማሱት፣ ዝቃጩ ሲረጋ ላዩን በማጣሪያ ወረቀት አውርዱት። 0.1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ሆነ። 200 ግራም የምትመዝን አይጥ በቀን 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፣ ስለዚህ 2 ሚሊ ግራም ወይም በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ይደርሳታል።

“ትጠጣለች” የሚለውን ግን አትመኑ። መድኃኒቱ ይመርራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የምትጠጣውን ልትቀንስ ትችላለች። ጠርሙሱን ጠዋትና ማታ በዲጂታል ሚዛን መዝኑ፣ ያለ አይጥ የተሰቀለ አንድ ጠርሙስም ይኑራችሁ፣ የሚንጠባጠበውን ለመቀነስ። በየቀኑ አዲስ ቀላቅሉ። ጉበት ከሆድ የመጣውን ብዙውን ስለሚያጠፋው ደሙ የሚደርሰው ከታሰበው ያንሳል። ለዚህ ነው በአፍ የሚሰጠው መጠን በመርፌ ከሚሰጠው ከፍ የሚለው። መዘጋቱን ለማረጋገጥ በመጨረሻው ቀን ትንሽ አይሶፕሬናሊን ስጧትና የልብ ምቷን ቁጠሩ። ምቱ ካሻቀበ ቤታ አልተዘጋም፣ በቃ።

ነጥቡ 10 ያልሆነው በሬኒን ምክንያት ነው። ቤታ 1 ሲዘጋ ሬኒን ይቀንሳል፣ አንጂዮቴንሲንም አብሮ። ዕድገቱ ቢቀንስ በየትኛው ቀነሰ? አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይመረት የሚያግደው የግፊት መድኃኒት እናላፕሪል የሚሰጠው አንድ ቡድን መጨመር ክርክሩን ያቀልለዋል፣ እናላፕሪል ደግሞ በየትኛውም ፋርማሲ አለ። የሕዋስ ባህል ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ፕሮፕራኖሎል በብዛት ሲፈስ ከተቀባዩ ውጭ የሕዋሱን ሽፋን እንደሚነካ አስታውሱ፤ ቁጥሩ ቀነሰ ማለት ቤታ ተዘጋ ማለት ላይሆን ይችላል።

አቴኖሎል

ቤታ 1ን ብቻ የሚመርጥ ስለሆነ ከፕሮፕራኖሎል ጎን ቢሰለፍ ቤታ 2ን ለመለየት ያምራል። ግን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። አንድ ኩላሊቷ በወጣላት አይጥ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሁለት ኩላሊት ካላት ጋር መጠኑ እኩል ቢሆንም ደሟ ውስጥ ያለው እኩል አይሆንም። በጉበት የሚወጣው ሜቶፕሮሎል ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው።

አልፋ ብሎከሮች

ፕራዞሲን አልፋ 1ን ይዘጋል፣ ችግሩ ውኃ ላይ አይሟሟም፣ ሳላይን ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ይረጋል። በሞቀ 5 በመቶ ዴክስትሮስ በጣም አቅጥኖ ወይም በአፍ ከሆነ 0.5 በመቶ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ውስጥ አንሳፎ መስጠት ነው። እያንዳንዷን አይጥ ከመስጠታችሁ በፊት ጠርሙሱን ነቅንቁ። ያለዚያ የመጀመሪያዋ ውኃ፣ የመጨረሻዋ ዝቃጩን ትጠጣለች። በሁለት አይጦች መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ካደላ መጀመሪያ የሰጣችሁበትን ቅደም ተከተል መርምሩ።

ግፊትን በድንገት ያወርዳል። የወረደ ግፊት ሬኒን ያስነሳል። ስለዚህ ከጎኑ ግፊቱን በሌላ መንገድ የሚያወርድ የሃይድራላዚን ቡድን ቢኖር አልፋን ከግፊት መለየት ይቻላል።

ለፕሮስቴት የሚሸጠውን ታምሱሎሲን በፕራዞሲን ፈንታ የሚወስዱ አሉ። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት እንክብሎች መድኃኒቱን በዝግታ እንዲለቁ የተሠሩ ናቸው፤ ሲፈጩ ያ ይፈርሳል፣ ሳይፈጩ ደግሞ ለአይጥ አይከፈሉም። ተዉት።

ጨርሶ የማይገዙ

ሳልቡታሞል ሽሮፕ ውስጥ ማጣፈጫ አለ፤ ለአንድ ቀን ሙከራ ይሁን፣ ለሁለት ሳምንት አይሆንም። ፎርሞቴሮል በእርግጥ የሚያጓጓ መድኃኒት ነው፦ በአይጦች ላይ ደም አጥቶ የተጎዳ የኩላሊት ቱቦ የኃይል ማመንጫዎቹን (ማይቶኮንድሪያ) እንዲተካና ቶሎ እንዲያገግም እንደሚረዳ ታይቷል። ግን ፋርማሲ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከቡዴሶናይድ ጋር ተቀላቅሎ በሚነፋ መልክ ነው፣ ስቴሮይዱ ደግሞ የሕዋስ ዕድገትን በራሱ ይለውጣል። የዓይን ጠብታ ፌኒልኤፍሪን ማቆያ ኬሚካል አለበት፣ አይወጋም። የጥርስ ሐኪም ሊዶኬይን ውስጥ ያለው አድሬናሊን በ1 ለ80,000 የቀጠነ ነው፣ ከሊዶኬይኑም አይለይም።

ማንም የማያስተውለው፦ ማደንዘዣው

አንድ ኩላሊት አውጥቶ የቀረው እንዴት እንደሚያድግ ማየት የዚህ ጥናት መደበኛ መንገድ ነው። ለቀዶ ጥገናው ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገዛው ኬታሚንና ዛይላዚን ነው፣ በኪሎ 80 እና 10 ሚሊ ግራም አካባቢ። ዛይላዚን ግን አልፋ 2 አነቃቂ ነው። አልፋ 2 በኩላሊት ዕድገት ላይ ያለውን ሚና ለማጥናት አልፋ 2 መድኃኒት ሰጥቶ መጀመር ማለት ነው። የደም ስኳርንም ሽንትንም ይጨምራል። ኢተር ደግሞ የእንስሳዋን የራሷን አድሬናሊን ያስረጫል። አይሶፍሉሬን ማግኘት የሚችል ያን ይጠቀም፣ ካልሆነ ፔንቶባርቢታል። ዛይላዚን የግድ ከሆነ አልፋ 2ን የጥናቱ ጥያቄ አታድርጉት፣ ኩላሊት ሳይወጣ ባዶ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አይጦችም ያንኑ መጠን ይቀበሉ።

ሁልጊዜ ግራውን አውጡ፤ የቀኙ ወደ ላይ ገባ ያለ ስለሆነ ያስቸግራል። ከላዩ ያለችው ሮዝ ቢጫ የምትመስል አድሬናል ዕጢ እንዳትነካ። በአይጥ ላይ የግራዋ አድሬናል ደም ሥር የሚፈሰው ወደ ግራው የኩላሊት ደም ሥር ነው። ስለዚህ ክሩ የሚታሰረው ከኩላሊቱ አፍ ጥግ ነው። ወደ ዋናው ደም ሥር ጠጋ አድርጋችሁ ካሰራችሁት የአድሬናሏን መውጫ ዘግታችሁ አንዱን የአድሬናሊን ምንጭ አጠፋችሁ፣ ያንን ደግሞ ማንም ስላይድ ላይ አያየውም።

ጊዜውና ቆጠራው

በቀረው ኩላሊት ውስጥ የዲኤንኤ ሥራ ከአንድ ቀን በኋላ መነሳት ይጀምራል፣ ወደ 48 ሰዓት አካባቢ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ለክፍፍል ቆጠራ ያቺ ሰዓት ናት። አዲስ በሚሠራ ዲኤንኤ ውስጥ ገብቶ የሚከፋፈለውን ሕዋስ የሚያሳየው ብሮሞዲኦክሲዩሪዲን በኪሎ 50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ኩላሊቱ ከመውጣቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይወጋል። ክፍፍል በቀኑ ሰዓት ስለሚለዋወጥ ሁሉንም ቡድን በተቀራረበ ሰዓት ጨርሱ። መዝገብ ላይ “3 ሰዓት” ብቻ አትጻፉ፤ ከጠዋቱ ወይስ ከሌሊቱ? ፕሮቶኮሉ በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ ሠራተኛው በሐበሻ ሰዓት ሲያነብ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል።

ወጣት አይጥ ላይ ክፍፍሉ ይበዛል፣ ባደገችው ላይ መግዘፉ። የኩላሊት ክብደት ብቻ ሁለቱን አይለይም። ከአንዱ ቁራጭ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ለኩ፤ የፕሮቲኑ ድርሻ ብቻ ከጨመረ ሕዋሱ ገዝፏል፣ የኩላሊቱ ጠቅላላ ዲኤንኤ ከጨመረ ሕዋሱ በዝቷል።

ያደገ ጤነኛ የቅርቡ ቱቦ ውስጥ የሚከፋፈለው ሕዋስ ከአንድ በመቶ በታች ነው። 2,000 ኒውክሊየስ ቆጥራችሁ 10 ቢገኝ ከዕድል የሚመጣው መዋዠቅ ብቻ 3 ገደማ ነው፤ 13 እና 8 የተገኘባቸውን ቡድኖች “ልዩነት አላቸው” ማለት አይቻልም። ብዙ ቁጠሩ፣ ቆጣሪውም የቡድኑን ስም አይወቅ።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ የሚመጣ ችግርም አለ። ፎርማሊን ውስጥ 24 ሰዓት የቆየ፣ በ4 ማይክሮን የተቆረጠ ስላይድ አንቲቦዲ (የክፍፍል ምልክቱን ፈልጎ የሚያሳየው ፕሮቲን) ከመቀባቱ በፊት በሲትሬት ማሟሚያ፣ ፒኤች 6፣ ከ95 ዲግሪ በላይ መቀቀል አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፤ ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፈላ ብላችሁ 20 ደቂቃ ብትጠብቁ መመሪያው የሚለው ሙቀት ላይ አልደረሰም። ምልክቱ ይደክማል፣ መድኃኒቱ ክፍፍሉን አጠፋው ይመስላል። የወጥ ቤት ፕሬዠር ኩከር ይህን ይፈታዋል። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር የአንጀት ቁራጭ አንድ ስላይድ አብራችሁ ቀቅሉ፤ አንጀት ሁልጊዜ ስለሚከፋፈል እሱ ቀለም ካልያዘ ችግሩ ከአቀቃቀሉ ወይም ከአቀባቡ ነው።

ስትገዙ

ከተቋማችሁ ደብዳቤና የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለአምፑሎቹ ያለሱ አይሸጡላችሁም። የባች ቁጥሩን ጻፉ፣ ለጥናቱ በሙሉ የሚበቃውን ከአንድ ባች ግዙ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ከተተወ ወዲህ ከውጭ የሚታዘዝ ኬሚካል ዋጋ ከዚያ በፊት ከነበረ ፕሮፎርማ ጋር አይገናኝም፣ በጀታችሁን በአሮጌ ወረቀት አትሥሩ። ማሸጊያው ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ ነው፤ “08/26” ማለት የእኛ ነሐሴ 2018 አካባቢ ነው እንጂ የእኛ 2026 አይደለም።

ለስምንት አይጦች እያንዳንዱን ጠርሙስ 50 ሚሊ ሊትር ብትሞሉ 400 ሚሊ ሊትር ነው፣ ማለትም በቀን አንድ የ40 ሚሊ ግራም ፕሮፕራኖሎል ፍሬ። ለ14 ቀን 14 ፍሬ፣ የሚበላሸውን ጨምሮ ሁለት ስትሪፕ ይበቃል። የተረፈው ገንዘብ ለአንቲቦዲው ይሁን፤ እሱንም በረዶው ሳይቀልጥ እስከ ፍሪጃችሁ የሚያደርስ ሰው እስካላገኛችሁ አትዘዙት።